«ይህ ነጋዴ አለ ወይ?» የማለት ዋጋ፦ ከጨርጨር ዋስ እስከ ሶፍትዌር

በንግድ ዓለም ከሁሉም ጥያቄዎች የሚቀድመው አንድ ነው። «ይህ ሰው ነኝ የሚለው ነጋዴ በእርግጥ አለ ወይ?» ብድር የሚሰጥ ባንክ ይጠይቀዋል፤ ቡና በዱቤ የሚያስረክብ አቅራቢ ይጠይቀዋል፤ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ይጠይቀዋል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሳይሆን ሶፍትዌር ነው የሚጠይቀው፤ በቀን አንዴ ሳይሆን ሺህ ጊዜ። ጥያቄው ግን በነጻ ተጠይቆ አያውቅም። በየዘመኑ ዋጋ ነበረው፤ በየዘመኑም ዋጋውን ለመቀነስ ሰዎች ብልሃት ፈጥረዋል። የዚህን ዋጋ ታሪክ ለመከተል ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ጥሩ ቦታ ናቸው። ንግድ ያለባቸው፣ ከመዝገቡ ማዕከል ግን የራቁ ናቸውና።

ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በሚኤሶ፣ በጭሮና በሂርና አድርጎ ወደ ቁልቢና ወደ ድሬዳዋ የሚወጣው መንገድ የቡና፣ የጫትና የከብት መንገድ ነው። በደቡብ በኩል ያሉት በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ ደግሞ የሐረር ቡና ተብሎ ዓለም ከሚያውቀው ምርት ብዙው የሚሰበሰብባቸው ናቸው። እዚህ ያለ ነጋዴ ዕቃው ሩቅ ይሄዳል። ስሙ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም። የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

የዋስ ዘመን

ባቡሩ ድሬዳዋ ሳይገባ በፊት ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሄደው አንዱ የሲራራ መንገድ የጨርጨርን ደጋ ያቋርጥ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ «ይህ ነጋዴ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሰው ነበር። ከሐረር ወደ ባሕር በሚወርደው የሶማሌ ምድር «አባን» የሚባል ነበር። እንግዳውን ነጋዴ ይቀበላል፣ ይጠብቃል፣ ያገበያያል፣ ለእሱም ይናገርለታል። በደጋው ደግሞ ዋስ ነበር። ዋስ ማለት መዝገብ ነው፤ የሚናገር፣ የሚመሰክር፣ ባለዕዳው ቢጠፋ ደግሞ ራሱ የሚከፍል መዝገብ።

ይህ መዝገብ በነጻ አይነበብም። አባኑ ድርሻ ይወስዳል፤ ደላላው ኮሚሽን ይወስዳል፤ ዋሱ ደግሞ ውለታ ያስቀምጣል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ ያስታውሳል። አንዴ የተመሰከረለት ነጋዴ በሚቀጥለው ገበያ እንደገና ከዜሮ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ነገር ተቀይሮ ከሆነ ብቻ ነው። ቤቱ ተቃጠለ? ከሸሪኩ ተጣላ? ዕዳ ሳይከፍል ቀረ? ዜናው ራሱ ተሸክሞ ወደ ዋሱ ይመጣል እንጂ ዋሱ በየቀኑ እየዞረ አይጠይቅም።

የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የንግዱ መጠን አደገ። እንደ መሐመዳሊ ያሉ የሕንድ የንግድ ቤቶችና የአንቶናን ቤስ ዓይነት ድርጅቶች ከኤደን እስከ ሐረርና አዲስ አበባ የተዘረጋ መረብ ነበራቸው። የአቢሲኒያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በሐረርና በድሬዳዋ ቅርንጫፍ ዘረጋ። ባንክ ያለ ማጣራት አያበድርም። ግን ማጣራቱ አሁንም በሰው በኩል ነበር፤ በደላላ፣ በትልቅ ነጋዴ፣ በሹም። በዚህ ሥርዓት ድሬዳዋ ላይ ሰው ያለው ነጋዴ ርካሽ ነው፤ ሰው የሌለው ነጋዴ ውድ ነው። ከጨርጨር ተራራ ቡና ጭኖ የሚወርደው ገበሬ ወይም ትንሽ ነጋዴ ታማኝ ስላልሆነ አልነበረም ብድር የሚያጣው። ታማኝነቱን ማረጋገጥ ከብድሩ ትርፍ በላይ ስለሚያስወጣ ነው።

ይህ ነጥብ እስከ ዛሬ ይከተለናል። ማጣራት ውድ ሲሆን የሚጎዳው አጣሪው ብቻ አይደለም። ለመጣራት የማያዋጣው ሰው ይበልጥ ይጎዳል።

ወደ ወረቀት

ጨርጨር ከሌላው አገር ቀድሞ የጽሕፈት አስተዳደርን ካዩ አውራጃዎች አንዱ ነው። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አስተዳድረውታል። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተሹመው ጨርጨርን አርአያ የሚሆን አውራጃ ለማድረግ ሠሩ፤ መቀመጫቸውም አሰበ ተፈሪ ነበረች። የቀረጥና የግብር ሥራ በደብተር ሲያዝ፣ ደሞዝ የሚከፈለው ሹም ሲመጣ፣ «ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከዋስ ሌላ የሚመልስ ነገር መፈጠር ጀመረ። ደብተሩ ግን የመንግሥት እንጂ የነጋዴው አልነበረም። ሹሙ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ያውቅበታል፤ ነጋዴ ስለ ነጋዴ አይጠይቅበትም።

ያንን የለወጠው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። ሕጉን ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ሲሆኑ እሳቸው ሲያርፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ሕጉ በየአካባቢው የንግድ መዝገብ እንዲኖር፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማዕከላዊ መዝገብ እንዲቋቋም ደነገገ። ከዚህ ድንጋጌ ጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላል ቢመስልም አብዮታዊ ነበር። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። የተመዘገበውን ነገር ሦስተኛ ወገን እንዳወቀው ይቆጠራል፤ ያልተመዘገበውን ደግሞ ነጋዴው በሌላ ሰው ላይ መከራከሪያ ሊያደርገው አይችልም። የማኅበር መቋቋምም በጋዜጣ እንዲነገር ይፈለጋል።

ልብ ማለት የሚገባው «በጋዜጣ ይነገር» የሚለውን ነው። የሕጉ አርቃቂዎች መጠየቅ ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሁለት መንገድ አበጁ፤ አንዱ ሄዶ መጠየቅ፣ ሌላው ለውጥ ሲኖር መዝገቡ ራሱ እንዲናገር። ሁለተኛው መንገድ የዋሱን ጠባይ የወረሰ ነው። ዜናው ወደ ጠያቂው ይሄዳል እንጂ ጠያቂው በየቀኑ ወደ ዜናው አይመላለስም።

በተግባር ግን ሕጉ ከአዲስ አበባ ርቆ ለመሄድ ጉልበት አጥሮት ነበር። አሰበ ተፈሪ ያለን ነጋዴ በማዕከላዊ መዝገብ ማጣራት ማለት ሰው መላክ፣ ማመልከቻ ማስገባት፣ ቀን መቁጠር ነበር። ስለዚህ በሕግ መዝገብ ቢኖርም በገበያ ዋስ ቀጠለ።

መዝገብ ጅራፍ ሲሆን

ደርግ ሲመጣ የመዝገቡ ትርጉም ተገለበጠ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴው ሊይዝ በሚችለው ካፒታል ላይ ጣሪያ ጣለ፤ ሊሰማራ የሚችልበትንም የሥራ ዓይነት ገደበ። ምዝገባ ከእንግዲህ «ይህ ሰው አለ» ብሎ ለገበያ የሚመሰክር ሳይሆን «ይህ ሰው ከዚህ አይለፍ» ብሎ ለመንግሥት የሚጠቁም ሆነ።

ጣሪያ ያለበት መዝገብ ነጋዴ ከመዝገቡ የሚሸሽበትን ምክንያት ይሰጠዋል። እንደ ሐረርጌ ባለ ከድንበር በማይርቅ፣ ንግዱ ከጅቡቲና ከሶማሌ ገበያ ጋር በተሳሰረ አካባቢ ደግሞ የሚሸሽበት መንገድ አለው። የሚዋሽ መዝገብ ማየት ርካሽ ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው። መዝገቡን ያየ ሰው ያየውን ስለማያምን እንደገና በዋስ ያጣራል፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በዚህ ዘመን ለማጣራት የሚወጣው ወጪ የክፍያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ሰዎች እውነቱን ለማስመዝገብ ምክንያት ከሌላቸው ርካሽ ጥያቄ ርካሽ መልስ ነው የሚያመጣው።

ፈቃዱ ግድግዳ ላይ፣ ማኅተሙ ደብዳቤ ላይ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግድ እንደገና ተከፈተ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 67 በ1989 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 686፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 980 ተተካ። የኋለኛው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1150 ተሻሻለ። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ግዴታ አለ። ነጋዴ ፈቃዱን በሱቁ በግልጽ በሚታይ ቦታ መስቀል አለበት። ገለምሶ ገበያ ወይም ጭሮ መናኸሪያ አካባቢ የሚገባ ደንበኛ ግድግዳውን አይቶ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ይህ ምናልባት የአገራችን ርካሹ የማጣሪያ ዘዴ ነው። ምንም አያስከፍልም፤ ከአንገት ቀና ከማለት በቀር።

ግን ግድግዳው የሚያገለግለው ሱቁ ድረስ ለመጣ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ባንክ ወይም ላኪ ድርጅት የሚያየው ፎቶ ኮፒ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ይሠራል፣ ይፋቃል፣ ይለጠፋል። ስለዚህ «ፈቃዱ ከእናንተ የተሰጠ መሆኑ እንዲረጋገጥልን» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ከዋና መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ፋይል ይፈለጋል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ይመለሳል። አስቸኳይ ከሆነ ሰው አበል ተከፍሎት ይሄዳል ወይም ነጋዴው ራሱ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሮ ደብዳቤውን ያሯሩጠዋል።

የዚህን ሒሳብ ማን ይከፍላል? በወረቀት ላይ ባንኩ። በእውነት ግን ነጋዴው፤ በገንዘብ ካልሆነ በጊዜ። ቡና ወቅት አለው። በወቅቱ ያልደረሰ ብድር ከመከልከል አይለይም። የመዝገቡ አደረጃጀት ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። ከአገር ውጭ የሚላክና ወደ አገር የሚገባ ንግድ ፈቃድ በፌዴራል ደረጃ ይሰጣል፤ የአገር ውስጥ ነጋዴውን የሚመዘግበው በአብዛኛው ክልሉ ነው። ስለዚህ ለጠያቂው የመጀመሪያው ችግር መልሱ ሳይሆን የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ማወቅ ነበር።

ስምና ቁጥር

በ1990ዎቹ አጋማሽ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መጣ፤ በተለምዶ ቲን የሚባለው ባለ 10 አሐዝ ቁጥር። በኋላም አንድ ሰው ሁለት ቁጥር እንዳያወጣ የጣት አሻራ ተጨመረበት። የአዋጅ ቁጥር 980 ሥርዓትም ነጋዴው በንግድ መዝገብ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመዘገብ አደረገ፤ ቲን ደግሞ ማሰሪያው ሆነ።

የዚህን ትርጉም ለማየት በምዕራብ ሐረርጌ አንድን ነጋዴ በስም መፈለግ በቂ ነው። መሐመድ አህመድ፣ አብዲ ዩሱፍ፣ አህመድ ኢብራሂም የሚሉ ስሞች በየከተማው ሞልተዋል። የአጻጻፍ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል። አንዱ ከተማ በአማርኛ ጭሮ ወይም አሰበ ተፈሪ ይባላል፤ በላቲን ፊደል በቁቤ ሥርዓት ሲጻፍ አንድ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ሌላ ዓይነት ነው። ገለምሶም፣ በዴሳም እንዲሁ። ሙሐመድ የሚለው ስም ራሱ አራት አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። በስም የሚፈልግ ጸሐፊ ፋይሉን ያጣዋል ወይም የሌላ ሰው ፋይል ያወጣል። በስም የሚፈልግ ሶፍትዌር ደግሞ አጻጻፉን እየቀያየረ ደጋግሞ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሒሳብ።

ቁጥር ይህን ያስቀራል። በአንድ ቲን ሥር ብዙ የንግድ ፈቃድ ሊኖር ይችላል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። ስለዚህ በማጣራት ታሪካችን ትልቁን ወጪ የቀነሰው ፈጣን ኮምፒውተር ሳይሆን አንድ ሰው አንድ ቁጥር የሚለው ውሳኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያም በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ሲያገኝ ያንኑ አመክንዮ ወደ እያንዳንዱ ዜጋ አወረደው።

ጥያቄው ግዴታ ሲሆን

ለረጅም ጊዜ ማጣራት በአብዛኛው የጠያቂው ምርጫ ነበር። በኋላ ግን ለባንኮች ግዴታ ሆነ፤ በገንዘብ ማጠብ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 780 በ2005 ዓ.ም. ሲመጣም ግዴታው ጠበቀ። ደንበኛህን እወቅ፤ የድርጅቱን ሕልውና፣ ወኪሉን፣ ከጀርባው ያለውን እውነተኛ ባለቤት አጣራ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ግንኙነቱ እስካለ ድረስ ተከታተል ተባለ። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል (ፋትፍ) የክትትል ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ የወጣችው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት ባንኮች ማጣራትን እንደ ቁም ነገር እንዲይዙ ያስገደዱ ነበሩ።

ግዴታ ሲመጣ የጥያቄው ቁጥር ይጨምራል፤ ጥያቄው ሲጨምር ደብዳቤና ማኅተም አይበቁም። በ2013 ዓ.ም. ኢትሬድ የተባለው የመንግሥት የኦንላይን ንግድ መድረክ በይፋ ሥራ ጀመረ። ቲን ወይም የፈቃድ ቁጥር ያስገባ ሰው ፈቃዱ መኖሩንና መታደሱን ባለበት ሆኖ ማየት ቻለ። በዚያው ዓመት አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ጸደቀ፤ ቴሌብርም ሥራ ጀመረ። ለጭሮ ነጋዴ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካው የማጣሪያ ርቀት ወደ ስልክ ስክሪን ወረደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ርካሽ ሲሆን ሰው ያደርገው የነበረው ቁጥብነት ይጠፋል። ደብዳቤ የሚጽፍ የባንክ ሠራተኛ «ይህ በእርግጥ ያስፈልጋል?» ብሎ ያስብ ነበር፤ ደብዳቤው ያደክመዋልና። ሶፍትዌር አይደክምም። ደንበኛው ቅጹን በሞላ ቁጥር ይጠይቃል፤ ኔትወርክ ተቆራርጦ መልስ ሲዘገይ ሦስት ጊዜ ይደግማል፤ የብድር ክፍሉ የጠየቀውን የሒሳብ መክፈቻ ክፍሉ እንደገና ይጠይቃል፤ «ለጥንቃቄ» ተብሎም በየወሩ ሁሉንም ደንበኛ ከላይ እስከ ታች ያጣራል። በጥያቄ ልክ የሚከፈልበት አገልግሎት ከሆነ ሒሳቡ ሲመጣ ሁሉም ይደነግጣል። የማይከፈልበት ከሆነ ደግሞ የሚከፍለው የመንግሥት ሰርቨር ነው፤ ይጨናነቃል፤ ጭሮ ላይ ፈቃዱን ሊያሳድስ የተቀመጠው ሰው ገጹ አልከፈት ይለዋል።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገ?

በዚህ ጉዳይ ብቻችንን አይደለንም። የብሪታንያ የኩባንያዎች መዝገብ ካምፓኒስ ሃውስ ለእያንዳንዱ ሰነድ ያስከፍል ነበር፤ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ግን ዲጂታል መረጃውን ሁሉ በነጻ ከፈተ፤ ለሶፍትዌርም ቀጥታ መግቢያ ሰጠ። ጀርመን የንግድ መዝገቧን ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በነጻ አደረገች። የአውሮፓ ኅብረትም የኩባንያዎችን መሠረታዊ መረጃ አባል አገሮቹ ለማሽን በሚመች መልክ በነጻ እንዲያቀርቡ ወሰነ። በሌላ በኩል በጥያቄ ልክ የሚያስከፍሉ መዝገቦች አሁንም አሉ፤ በመካከል ገብተው ከብዙ አገር መዝገብ እየሰበሰቡ በቁራጭ የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ። እነዚህ የድሮው ደላላ ልጆች ናቸው ቢባል ስድብ አይደለም። ደላላ ሥራ አለው። ግን ደላላ የሚከበረው በሩ ሲዘጋ ነው።

ክፍትነቱም ወሰን አለው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የእውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ ለማንም ሰው ክፍት መሆኑ የግል ሕይወትን ይጋፋል ብሎ ወሰነ። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። የንግድ ፈቃድ መኖሩን ማየትና የነጋዴውን ቤተሰብ ጉዳይ መበርበር አንድ አይደሉም።

ወጪውን የሚቀንሰው የድሮ ብልሃት

ዛሬ በአዲስ አበባ የማጣሪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጋጥማቸው ጥያቄ «እንዴት በትንሽ ጥያቄ ብዙ እንወቅ?» የሚል ነው። መልሱ ግን ከቴክኖሎጂው በፊት የነበረ ነው።

አንደኛ፣ ዋሱ ያስታውስ ነበር። ሶፍትዌርም ያገኘውን መልስ ከቀኑ ጋር ማስቀመጥ አለበት። ዛሬ ጠዋት የተጣራ ቲን ከሰዓት በኋላ በሌላ ክፍል እንደገና የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ በቁጥር ይጀምር። ቲን ያለውን ሰው በስም መፈለግ ገንዘብ መበተን ነው። ቁጥሩ ራሱ በትክክል መጻፉን፣ 10 አሐዝ መሆኑን፣ ወደ መዝገቡ ከመላኩ በፊት እዚያው ማየት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የአገሩን ካሌንደር ይወቅ። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ይህን አያውቅም። በእኛ ሥርዓት የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳድስ ቅጣት ይከፍላል። ስለዚህ በጥር የሚደረግ አንድ ማጣራት በየወሩ ከሚደረግ አሥራ ሁለት ማጣራት አብዛኛውን ነገር ይነግራል።

ለምሳሌ 10,000 ነጋዴ ደንበኞች ያሉት አበዳሪ እንበል። ሁሉንም በየወሩ ቢያጣራ በዓመት 120,000 ጥያቄ ነው። አነስተኛ ስጋት ያለባቸውን 9,000 በጥር አንዴ፣ ትልቅ ብድር ወይም አጠራጣሪ ነገር ያለባቸውን 1,000 በየሩብ ዓመቱ ቢያጣራ፣ በጥር ሳያሳድሱ የተገኙ 2,000 ቢኖሩ እነሱንም አንድ ጊዜ ቢደግም፣ ጠቅላላው 15,000 ነው። ከመጀመሪያው አንድ ስምንተኛ። በዚህ የሚቀር እውቀት ጥቂት ነው፤ የሚቀረው በአብዛኛው ድግግሞሽ ነው።

አራተኛ፣ ጣሪያ ይኑረው። በቀን ከተወሰነው ጥያቄ ሲያልፍ ቆሞ ሰው የሚጠራ እንጂ እስኪነጋ ድረስ የሚጠይቅ ፕሮግራም መኖር የለበትም። አንድ የተሳሳተ መስመር በአንድ ሌሊት የዓመት በጀት ሊበላ ይችላል።

አምስተኛው የአበዳሪው ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ነው። የ1952ቱ ሕግ በጋዜጣ ይነገር እንዳለው፣ መዝገቡ ለውጥ ሲኖር ራሱ ይናገር። በዓመቱ መካከል ፈቃዱ የተሰረዘ፣ የታገደ፣ ሥራ አስኪያጁ የተቀየረ ድርጅት ሲኖር ለሚመለከታቸው ማስታወቂያ ቢላክ፣ ማንም «ምናልባት ተቀይሮ ይሆናል» ብሎ በየቀኑ አያንኳኳም። የጥያቄን ብዛት የሚያበዛው ከሁሉ በላይ የመዝገቡ ዝምታ ነው።

ዋናው አደጋ

ወጪ ይቀንስ ሲባል ግን ከሁሉ የቀለለው መንገድ ሌላ ነው፤ አስቸጋሪውን ሰው መተው። የጭሮው ነጋዴ ስም በሦስት ዓይነት ተጽፏል? የመቻራው ፈቃድ ወደ ማዕከሉ ሲስተም ገና አልገባም? ሲስተሙ «አልተገኘም» አለ? እንደገና ማጣራት ወጪ ነው፤ አለመቀበል ነጻ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን በክፋት አያደርገውም፤ ሒሳብ ብቻ ይሠራል። ውጤቱ ግን የድሬዳዋ ደላላ ዘመን ነው። ሰው ያለው ያልፋል፣ ሰው የሌለው ይቀራል። «አልተገኘም» የሚለው መልስ «የለም» ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ «እኛ ጋ አልደረሰም» ማለት ነው። ይህን ልዩነት በሕግም በሶፍትዌርም ማስፈር ያስፈልጋል፤ «አልተገኘም» ያለው ሲስተም ጉዳዩን ወደ ሰው እንጂ ወደ ውድቅ ማኅደር መላክ የለበትም።

ሌላው የኔትወርክ ነገር ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ለሳምንታት አልተመለሰም። እያንዳንዱን ነገር በዚያች ቅጽበት ከመዝገብ ካልጠየቀ የማይንቀሳቀስ ሥርዓት እንዲህ ባለ ቀን ይሞታል። ያገኘውን ከቀኑ ጋር ያስቀመጠ ሥርዓት ግን «እስከ ትናንት ይህ ነጋዴ ነበር» ማለት ይችላል። ትዝታ ወጪ መቆጠቢያ ብቻ አይደለም፤ መቋቋሚያም ነው።

በመጨረሻም የክፍያው ጥያቄ አለ። መዝገቡ ገቢ ማስገኛ ይሁን የሚል ሐሳብ በየትኛውም አገር የበጀት እጥረት ሲመጣ ይነሳል። ለትልቅ ተጠቃሚ፣ በቀን በብዙ ሺህ ለሚጠይቅ፣ የሰርቨሩን ወጪ የሚሸፍን ክፍያ መጠየቅ ያስኬዳል። ግን «ይህ ፈቃድ አለ ወይ? ታድሷል ወይ?» የሚለው መሠረታዊ ጥያቄ በዋጋ ከታሰረ ሒሳቡ ዞሮ የሚያርፈው ከመዝገቡ በጣም የራቀው ሰው ላይ ነው። ነጋዴው ለመመዝገብ ከፍሏል፤ ለማደስ በየዓመቱ ይከፍላል፤ ክሊራንስ ለማግኘት ግብሩን ጨርሶ ይመጣል። የከፈለበት ምክንያት ስሙ ሩቅ እንዲሄድለት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ ሱቁ ለገባ ሰው በነጻ እንደሚነበብ ሁሉ፣ ሱቁ ድረስ መምጣት ላልቻለውም በነጻ መነበብ አለበት። ያን ጊዜ የበዴሳው ቡና ሰብሳቢ ለብድር ሲቀርብ አበዳሪው የሚመዝነው ቡናውን እንጂ የሰውየውን ርቀት አይሆንም።